ከሽቦና ከጭቃ የተገኘ ጥበብ

ያረጀ ዕቃ ከቤት ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ግን መንገዱ የታወቀ ነው። ቁራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ያልፋል፤ የቤት እመቤቲቱም የተሰበረውን ራዲዮ፣ የተበላሸውን ስልክ፣ የዛገውን ብረት በጥቂት ገንዘብ ትሸጥለታለች። ዕቃውም ወደ መርካቶ ይጓዛል። በመርካቶ፣ ምናለሽ ተራ በተባለው ስፍራ፣ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ሲወጣ ማየት ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። ከዚሁ ገበያ አንድ ሠዓሊ ሌላ ዓይነት ሀብት ማውጣታቸውን ለአንባቢያን ልንገልጽ እንወዳለን።

ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀዋል። ለሥራቸው የከበረ ነገር ከመፈለግ ይልቅ ሰው የጣለውን መሰብሰብ መርጠዋል። አስቀድሞ ክርንና የልብስ ቁልፍን በመርፌ እየሰፉ ሥዕል ያወጡ ነበር፤ ኋላም ከኮምፒውተርና ከስልክ ውስጥ ወደሚወጣው ዕቃ ተሻገሩ።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከውስጥ መዳብ፣ ከውጭ ባለቀለም ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን ነገር ነው። ይህ ሽቦ በቀለም በቀለሙ ይለያል፤ ከዚያም ሹሩባ እንደሚጎነጎን ሁሉ በእጅ እየተጎነጎነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጠጋግቶ ይያያዛል። ከጥፍር የማይበልጡ የመሣሪያ ክፍሎችና የኮምፒውተር መጻፊያ ቁልፎችም በመልክ በመልካቸው ይሰደራሉ። ሰሌዳዎቹ ጎን ለጎን ሲገጣጠሙ ሥራው ሰፊ ግድግዳ ይሸፍናል። ከሩቅ ሲመለከቱት ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን እያንዳንዱ መስመር በጣት የተያዘና በትዕግሥት የተቀመጠ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ተረት በዚህ ስፍራ በዐይን ይታያል።

ሠዓሊው ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፤ ፍቺውም በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድ ማለት ነው። የሰው ልጅ ከአዲስ መሣሪያ በሚያገኘው ጥቅምና መሣሪያው በምድር ላይ በሚያመጣው ጉዳት መካከል ሚዛኑን ጠብቆ መሄድ እንዳለበት ስሙ ያስታውሳል። ነገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። መዳቡን ለማግኘት ሲባል ሽቦ በሜዳ ላይ ሲቃጠል ጢሱ መርዝ ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው እርሳስም ወደ አፈርና ወደ ውሃ ይገባል። ሥራቸው በውጭ አገርም ተመልካች አላጣም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በቬኒስ ከተማ በተደረገው ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ቀርቧል።

ይኸው ትዕግሥት በሽቦ ብቻ አልቀረም፤ ወደ መካኒሳ የሄደ ሰው በጭቃ ተሠርቶ ያገኘዋል። አቶ ኤልያስ ከሥነ ሰብእ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው ያቋቋሙት ዞማ ቤተ መዘክር በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው በዚህ ሰፈር ነው። ዞማ በአማርኛ ረዥምና ለስላሳ ጠጉር ማለት ነው፤ የቤተ መዘክሩ ስም ግን በወጣትነቷ ላረፈችው ሠዓሊት ለዞማ ሽፈራው መታሰቢያ የተሰጠ ነው። መሬቱ ቀድሞ በቆሻሻ የተበከለ ነበር፤ ከብዙ ድካም በኋላ ጸድቶ አትክልት ሊበቅልበት ችሏል።

የቤቶቹ ግድግዳ የተሠራው አባቶቻችን በሚያውቁት ዘዴ ነው። አፈር ከጭድና ከውሃ ጋር ተደባልቆ በእግር ይረገጣል፤ እስኪቦካም ድረስ ለብዙ ቀን ይቆያል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ፣ በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሰነጣጠቅ ይረዳዋል። ከዚያም በቋሚና በማገር ላይ እየተደራረበ ይመረጋል። የጭቃ ጠላቱ ውሃ ስለ ሆነ፣ መሠረቱ ከድንጋይ፣ የጣሪያውም ክፈፍ ሰፊ መሆን ይገባዋል። በዞማ የምናየው አዲስ ነገር የግድግዳው ገጽ ነው። ከላይ እስከ ታች በእጅ በተቀረጹ፣ እንደ ሰፌድ ክብ እየዞሩ በሚሄዱ መስመሮች ተሸፍኗል። ስፍራውን ስንጎበኝ ረዥም ጊዜ የቆምነው በዚህ ግድግዳ ፊት ነው፤ ብርሃኑ ሲዞር የመስመሩ ጥላ አብሮ ይዞራልና።

በቀድሞ ዘመን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ይሰደቡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ይህን ስድብ ከልክለዋል። ስድብ በዐዋጅ ሊቆም ይችላል፤ ንቀት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዛሬም ብዙ ሰው የጭቃ ቤትን የድህነት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በመሆኑም ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ጭቃ ማቡካትን የሚያውቅ እጅ እየቀነሰ ይሄዳል። የእጅ ዕውቀት ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ አይጠበቅም፤ አንድ ትውልድ ካልሠራበት ለሚቀጥለው የሚያስተምረው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መካኒሳ ቢሄዱ፣ ከሩቅ አይተው ብቻ እንዳይመለሱ፣ ቀርበው መስመሩን በዐይናቸው እንዲከተሉ እንመክራለን። ልጁም ይህን የሠራው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ የሠዓሊውን ስም ከነገሩት በኋላ ጭቃውን የረገጠውን ሰው ጭምር ያስታውሱለት።