በእጀባ ወደ ኢሲዮሎ

ከሞያሌ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት፣ መንገደኛ የሚነሳው አጃቢ ሲገኝ ነበር። ማርሳቢት ላይ ከብት የጫኑ ሎሪዎች ተሰልፈው አደሩ። ጎህ ሲቀድ ጠመንጃ ያነገቱ ፖሊሶች ተከፋፍለው ወጡባቸውና ኮንቮዩ ወደ ኢሲዮሎ ተንቀሳቀሰ።

እኛ ተሳፋሪዎች ከከብቶቹ በላይ፣ በሎሪው አናት በተጋደሙት ብረቶች ላይ ተቀምጠናል። አቧራው ስለማያስተነፍስ ሁሉም ፊቱን በሻሽ ጠቅልሏል። ከሥራችን በሬ በተኛ ቁጥር ረዳቱ በብረቶቹ መሀል ሾልኮ ይወርድና ጭራውን ጠምዝዞ ያስነሳዋል። ካላስነሳው ሌሎቹ ይረግጡታል። ሾፌሩ ለዚህ አይቆምም፤ ከተቆመ ሁሉም መቆም አለበት። ላይሳሚስን አልፈን የአንዱ ሎሪ ጎማ ሲፈነዳ ግን ሁላችንም ቆምን። ፖሊሶቹ ወርደው ፊታቸውን ወደ ግራሩ አዞሩ፤ ጎማው ተቀይሮ እስኪያልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራ ሰው አልነበረም።

በዚያ በሰሜን ኬንያ ጠመንጃ የከረመ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 የዘለቀው «የሽፍታ ጦርነት» ሲያበቃም መሣሪያው አልተሰበሰበም፤ የከብት ዝርፊያውና የጎሳ ደም መመላለሱ ቀጠለ። በዚሁ መንገድ ዳር ባለችው ቱርቢ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2005 በተፈጸመው ጭፍጨፋ ተማሪ ሕፃናት ሳይቀሩ ተገድለዋል። ከሞያሌ ስንመጣ እዚያ ሻይ ጠጥተን ነበር። ሻይ የቀዳችልን እናት አብሮን ለነበረ ነጋዴ በቦረና ኦሮምኛ የተናገረችውን አስተረጎምኩት፦ «ለእናንተ ፖሊስ ይሳፈራል፤ እኛ ጋ ማን ያድራል?» መልስ የሰጣት የለም። እኔም ከዚያ በኋላ ጠመንጃዎቹን ሳይ እፎይታ ብቻ አልተሰማኝም። የሚታጀበው ጭነቱና ተሳፋሪው ነው። ኮንቮዩ ሲያልፍ ባለ ከብቱ ከልጆቹ ጋር እዚያው ይቀራል።

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በኋላ፣ በከፊል በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ፣ ቁራጭ በቁራጭ አስፋልት ለበሰ። በኮረኮንቹ እየተንፏቀቀ የሚሄድን ሎሪ ጥቂት ታጣቂዎች በቀላሉ ያስቆሙታል፤ በአስፋልት የሚበርን መኪና ማስቆም ግን ይከብዳል። አሁን ማለዳ ከሞያሌ የተነሳ አውቶቡስ በዕለቱ ናይሮቢ ይደርሳል፤ ቱርቢንም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋታል። ይህ ለመንገደኛ ትልቅ ነገር ነው። የሻይዋ እናት ጥያቄ ግን የመንገድ ጥያቄ አልነበረም።