ባትሪው የመረጠው ቅርጽ

የኤሌክትሪክ መኪና ቅርጽ የሚጀምረው ከወለሉ ነው። የነዳጅ መኪና ሞተሩን ከፊት ስለሚሸከም አፍንጫው ይረዝማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ከሁሉ የሚከብደውን ባትሪውን በአራቱ ጎማዎች መካከል አንጥፎ ይሄዳል። የባትሪው ውፍረት ከአሥር ሴንቲሜትር በላይ ስለሆነ ወለሉ በዚያው ልክ ከፍ ይላል፣ የተሳፋሪውም እግር አብሮ ይነሣል። ጣሪያው ባለበት ከቀረ የኋላ ተቀማጭ ጉልበት ወደ አገጩ ይጠጋል፤ ስለዚህ ጣሪያውም ይነሣል። ውድ መኪና የሚሠሩ ኩባንያዎች ለቤተሰብ የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ሲያስቡ የምርጫው ግማሽ የሚያልቀው ንድፍ አውጪው እርሳሱን ሳያነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጃጓር አይ-ፔስን፣ አውዲ ኢ-ትሮንን፣ መርሴዲስ ኢኪውሲን ሲያቀርቡ ሦስቱም ኤስዩቪዎች፣ ማለትም ከፍ ያሉ መኪኖች፣ ሆነው መገኘታቸው ከዚህ የመጣ ነው። በእርግጥ ወለሉ ብቻ አልነበረም ምክንያቱ። ባትሪ ውድ ነው፤ ኤስዩቪ ገዢ ደግሞ ለቁመት ተጨማሪ መክፈል የለመደ ደንበኛ ነው። ከፍ ብሎ መቀመጥ እንደሚያስከብር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ላንድክሩዘር ይህን ትምህርት አስተምሮ ከጨረሰ ቆይቷል። መንግሥት በ2024 የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከክብርም ያልፋል። ሆዱ ሥር ባትሪ የተዘረጋበት መኪና ጉድጓድና ድንጋይ በሞላበት መንገድ ሲሄድ ከፍታው መከላከያው ነው።

የምርጫው ጭንቀት ከማንም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በስዊድኑ ቮልቮ ላይ ነው፤ ስሙ ከቤተሰብ ጋር የተቆራኘው በኤስዩቪ ሳይሆን ጣሪያው እስከ ኋላ በተዘረጋው በስቴሽን ዋገን ነውና። በ1953 የወጣችው ዱዌት በሥራ ቀን ዕቃ፣ በእረፍት ቀን ቤተሰብ እንድትጭን የታሰበች ነበረች። በ1967 “145” የተባለው፣ በ1974 ደግሞ “245” ተከተሏት፤ ሁለቱም በማስመሪያ ብቻ የተነደፉ የሚመስሉ፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ የወረደ ሣጥኖች። 245 እስከ 1993 ድረስ ሲመረት ኖሯል። ሰው ይሥቅባቸው ነበር፤ እየሣቀም ይገዛቸው ነበር። ኩባንያው ቀልዱ እንደገባው ያሳየው በ1994 ነው፤ በብሪታንያ የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና ላይ 850 ስቴሽን ዋገንን ለእሽቅድምድም አሰለፈ። ተፎካካሪዎቹ ሲያጉረመርሙ ከውድድር በፊት በሚደረግ ዙር ላይ ትልቅ የአሻንጉሊት ውሻ ከኋላ ጭኖ ዞረ። አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ ዛሬ ግን የዚያን ዓመት አሸናፊ ከሚያስታውስ ሰው ውሻውን የሚያስታውሰው ሳይበዛ አይቀርም።

በ2002 የቮልቮ ኤስዩቪ ኤክስሲ90 መጣና ቤተሰቡ ተያይዞ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ ቮልቮ በኅዳር 2022 ሰባት መቀመጫ ያለውን ትልቁን የኤሌክትሪክ መኪናውን ኢኤክስ90ን ሲገልጥ የኤስዩቪ ቅርጽ መያዙ ማንንም አልገረመም።

ግን አየር አለ። ክብደቱ የበዛ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ወደ ኃይል ማመንጫነት ይለወጥና ከወጣው ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አየር ግን የወሰደውን አይመልስም። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ መኪና ከክብደቱ ይልቅ ቅርጹ ረጅም መንገድ ላይ ይፈርዳል። የአየር መቋቋም የሚለካበት ቁጥር ባነሰ መጠን መኪናው በአንድ ቻርጅ ይርቃል። የኢኤክስ90 ቁጥር 0.29 ነው። መርሴዲስ በ2021 በኢኪውኤስ 0.20 ደረሰ፤ ዋጋውን የከፈለው በመልኩ ነው። ከአፍንጫ እስከ ጭራ እንደ ቀስት የጎበጠው መኪና ለብዙ ዓይን የባለሥልጣን ሊመስል አልቻለም፤ ኮፈኑን እንኳ ባለቤቱ እንዲከፍተው አልተፈቀደለትም፣ የጋራዥ ሥራ ነው።

ስቴሽን ዋገንም ከአየር ጋር ችግር አለበት። ጣሪያው እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ድንገት ሲቆረጥ አየሩ ከኋላ ተበጥብጦ መኪናውን ወደኋላ ይስባል። አውዲ በ2024 ኤ6 ኢ-ትሮንን በሁለት አካል ሲያወጣ ልዩነቱን በግልጽ አስቀመጠው፦ ጀርባው የሚያዘቀዝቀው ስፖርትባክ 0.21፣ ስቴሽን ዋገኑ አቫንት 0.24። የኋላ ዕቃ መጫኛቸው ግን ሁለቱም 502 ሊትር ነው። አቫንት የሚበልጠው የኋላ ወንበር ሲታጠፍ ነው፤ 1,422 ሊትር ለ1,330። ማለትም የቤተሰብ መኪናው ብልጫ የሚታየው ልጆቹ ቤት ሲቀሩ ነው።

ቮልቮ በመጋቢት 2025 ያወጣው ኢኤስ90 የዚህ ሁሉ ማመቻመች ውጤት ነው። ሲያዩት ሴዳን፣ የኋላ መስታወቱ ከነክዳኑ ሲከፈት ሀችባክ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ሲታይ የኤስዩቪ ዘመድ። አንዱ ቢነቀል በሌላው መንጠልጠል ይቻል ዘንድ ሁለት ባላ መትከል የታወቀ ብልሃት ነው፤ እዚህ ላይ ሦስት ተተክሏል። ቁጥሩ 0.25 ነው።

ያልተድበሰበሰውን መልስ የሰጠው ሌላ የቮልቮ መኪና ነው። ከ2010 ጀምሮ የቮልቮ ባለቤት የቻይናው ጂሊ ሲሆን፣ በኅዳር 2023 ለቻይና ገበያ የወጣው ኢኤም90 ተንሸራታች በር ያለው ቫን ነው። ወለሉ ለጥ ያለ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ለአያትም ለሕፃንም የሚመች። ለባትሪም ለቤተሰብም የሚስማማው ቅርጽ በእርግጥ ይኸው ነው፤ አውሮፓዊ ሀብታም ግን ከቫን ሲወርድ መታየት አይወድም፣ የቻይናው ደግሞ ሾፌር ስላለው ይኮራበታል።

ስቴሽን ዋገኑስ? ቮልቮ በ2023 በብሪታንያ ሽያጩን አቆመ፣ በማግስቱ ዓመት ሰዎች ሲፈልጉት መልሶ አመጣው፤ ያም ቢሆን የነዳጅ ሞተር ያለውን ነው። ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚሄደውን በ2024 ያወጡት ጀርመኖቹ ናቸው፤ ከአውዲ አቫንት ጋር ቢኤምደብሊው አይ5 ቱሪንግ።