ደርሶ መልስ

ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የአሜሪካ ፉትቦል ተንታኝ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጨዋታው እንደኛ እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያዘውና የሚወረወረው በእጅ ነው። ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው እዚህ ውስጥ የገባሁት በልጅ ልጆቼ ምክንያት ነው። አንደኛው ሜሪላንድ፣ ሌላው ዳላስ ይኖራሉ። የሜሪላንዱ 13፣ የዳላሱ 12 ዓመቱ ነው። ሁለቱም በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፤ ሁለቱም «አባባ፣ ማን ያሸንፋል?» ይሉኛል።

የሊጉ 32 ቡድኖች አራት አራት ሆነው በ8 ምድቦች ተከፍለዋል። የልጆቹ ቡድኖች ዋሽንግተን ኮማንደርስና ዳላስ ካውቦይስ ያሉት በአንድ ምድብ ውስጥ ነው። ከእነሱ ጋር ፊላደልፊያ ኢግልስና ኒውዮርክ ጃያንትስ አሉ። የምድቡ ስም «ምሥራቅ» ነው። የሜሪላንዱ ልጅ «ዳላስ ቴክሳስ ነው፤ ምን ሊያደርጉ እኛ ጋ ገቡ?» እያለ ያማርራል። «ዘመድም እንዲሁ ነው ልጄ፣ ተመርጦ አይገኝም» አልኩት።

እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 17 ጨዋታ አለው። ከእነዚህ ስድስቱ ከምድቡ ባላንጣዎች ጋር በደርሶ መልስ የሚደረጉ ናቸው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ሄዶ፣ አንድ ጊዜ ተቀብሎ መጫወት ግዴታ ነው።

ልጆቹ ዳኛ ሲያደርጉኝ አንድ ደንብ አወጣሁ። ስለራሱ ቡድን ከማውራቱ በፊት እያንዳንዱ የሌላውን ቡድን ጥንካሬ በአማርኛ ያስረዳኛል። መጀመሪያ ተንገራገሩ። በኋላ ግን የሜሪላንዱ፣ ዳላስ እ.ኤ.አ. በ2024 ውድድር 7 አሸንፎ 10 የተሸነፈው ቡድኑን የሚመራው ዳክ ፕሬስኮት ተጎድቶ 8 ጨዋታ ብቻ ስለተጫወተ መሆኑን፣ እሱ ጤነኛ ከሆነ ነገሩ እንደሚለወጥ ነገረኝ። የዳላሱም እያቅማማ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አራት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ዋሽንግተን በጄይደን ዳንኤልስ በተባለ ወጣት መሪነት በ2024 12 ማሸነፉን አመነ። ድል የራቀው ቡድን አዳዲስ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ስለሚያገኝ ዋሽንግተን በሁለተኛ ተራ የመረጠው ይህን ልጅ ነበር። ተቃራኒን በትክክል የሚያስረዳ ልጅ ስለራሱም አይዋሽም ብዬ አምናለሁ።

የኔም ግምት በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ፊላደልፊያ በ2024 ውድድር 14 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ምድቡን በላ፤ ዋሽንግተንን 55 ለ23 አሰናብቶ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ካንሳስ ሲቲንም 40 ለ22 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሆኖም ከ2004 በኋላ እስከ 2024 በነበሩት 20 ዓመታት ይህን ምድብ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ አልነበረም። አንደኛ የወጣ በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ምድቦች አንደኞች ጋር ይገጥማል፤ ወጣት ሲመርጥም ወደ ኋላ ይሰለፋል። የደመወዝ ጣሪያ ስላለም ጎበዞቹን ሁሉ ይዞ መቆየት አይችልም። በተቃራኒው ዋሽንግተን በ2020 ካሸነፈበት የተሸነፈበት በልጦ፣ 7 ለ9 ሆኖ፣ ምድቡን በልቷል።

ኒውዮርክ ደግሞ በ2024 ሦስት ብቻ አሸነፈ። የሚያንገበግበው፣ ከእጁ የወጣው ሯጩ ሴኳን ባርክሊ እዚያው ምድብ ውስጥ ፊላደልፊያ ገብቶ በዚያው ዓመት 2,005 ያርድ መሮጡ ነው። ዳላስም ውድድሩ ሊጀመር ሰባት ቀን ሲቀረው ኃይለኛውን ተከላካይ ማይካ ፓርሰንስን ለግሪን ቤይ ሰጠ። የዳላሱ ልጅ በዚያ ቀን ስልክ ላይ ድምፁ ተቆራረጠብኝ። ያኔ ያጽናናው የሜሪላንዱ የአጎቱ ልጅ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

ስለዚህ ፊላደልፊያ አንደኛ፣ ዋሽንግተን ሁለተኛ፣ ዳላስ ሦስተኛ፣ ኒውዮርክ አራተኛ ብያለሁ። ዋሽንግተንን ሁለተኛ ያደረግሁት ዳንኤልስን ዘንድሮ ሁሉም አጥንቶ ስለሚጠብቀው ነው። የዳላሱ ልጅ አኩርፏል፤ ያልፍለታል።

የኔ ሐሳብ ያለው ግን የልጆቹ አባቶች ጋ ነው። ሁለቱ ልጆቼ እርስ በርስ ቤት ከረገጡ አራት ዓመት ሆናቸው። መነሻው በእናታቸው ተዝካር ወጪ የተነሳች ትንሽ ነገር ናት። ጠብ አይሉትም፤ በበዓል መልእክት ይለዋወጣሉ። ስጠይቃቸው «ሥራ በዝቶ ነው» ይሉኛል። ትልቁ ስለ ታናሹ ሲነግረኝ የሚያወራው የዛሬ አራት ዓመት ስለነበረው ሰው ነው፤ ታናሹም እንደዚያው። በአሮጌ ወረቀት ነው የሚገማመቱት።

በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ነገር ይለወጣል! ዋሽንግተን በ2022 ስሙን፣ በ2023 ባለቤቱን፣ በ2024 አሠልጣኙን ለውጧል። አዲሱ አሠልጣኝ ዳን ኩዊን የመጣውም ከዳላስ ነው። የምድቡ ቡድኖች ይህን ሁሉ የሚያውቁት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ስለሚቆሙ ነው። ተፎካካሪ ያልተነፈገውን ወንድም ለምን ይነፈጋል?

ስለዚህ የ2025ን የጨዋታ መርሐ ግብር አስነበብኩና ለሁለቱም ደወልኩ። ጥቅምት 9 ዋሽንግተን ዳላስ ይሄዳል። ታኅሣሥ 16፣ በፈረንጆቹ ገና ቀን፣ ዳላስ ዋሽንግተን ይመጣል። «እናንተም እንደ ቡድኖቻችሁ ሂዱ፣ ተቀበሉ» አልኳቸው። ትልቁ «አባዬ፣ የስታዲየም ትኬት እኮ ውድ ነው» አለኝ። «የወንድምህ ሳሎን ቴሌቪዥን አለ፤ እዚያ ትኬት አይጠየቅም» አልኩት። ታናሹ ደግሞ «ይምጣ፤ ማን ከለከለው?» አለ። አነጋገሩ ቆረጥ ያለ ቢሆንም እኔ ያነሳሁት «ይምጣ» የምትለዋን ነው።

ልጆችዎ በየአገሩ የተበተኑብዎ አባቶችና እናቶች፣ «ተስማምታችኋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ደኅና ነን» ይሏችኋል። «የወንድምህን ቤት መቼ አየኸው? የእህትህ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» በሏቸው። መልሱ ሲዘገይ ነገሩ ይገባችኋል።

የዳላሱ ልጅ የአጎቱ ልጅ የሚተኛበትን ፍራሽ አስወርዶ አስጸድቷል። ትልቁ ልጄ ከሥራው ፈቃድ እንደጠየቀ ነግሮኛል። የአውሮፕላን ትኬት ግን ገና አልቆረጠም።