«የሰባዎቹ ቤት» እና የእኛ ቤት



ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ይውላሉ እያልን ስንማረር ኖረናል። ባለፈው የሐኑካ ዕረፍት ግን ከዚያው ከቴሌቪዥን የመጣ ጨዋታ፣ በገዛ ቤታችን ተሰውሮ የኖረ ነገር አሳወቀን። አዲስ ለገባችሁ ቤተሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን እናካፍላችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤም ቲ ቪ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 «የሰባዎቹ ቤት» የተባለ የውድድር ዝግጅት አሳይቶ ነበር። አቅራቢዋ ናታሻ ሌጌሮ የተባለች ኮሜዲያን ነበረች። 12 ወጣቶች አንድ ቤት ይገባሉ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክና ኢንተርኔት ይከለከላሉ፤ በ1970ዎቹ እንደነበሩ ሰዎች ለብሰው ይወዳደራሉ። የተሸነፈ ከቤቱ ይሰናበታል፤ እስከ መጨረሻ የቆየ ያሸንፋል። ትልቋ ልጃችን ይህን ሰምታ «እኛም እንጫወተው!» አለች። የሁላችንም ስልክ ተሰብስቦ መሶብ ውስጥ ገባ። እናታችን ዳኛ ሆኑ።

በመጀመሪያ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል በሚለው ክርክር ተነሣ። ልጆቹ «ቴሌቪዥን በ1970ዎቹም ነበረ፣ ስለዚህ ይፈቀዳል» አሉ። ከሞሮኮ የመጡት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ ገብተው ነበርና ይህን ሲሰሙ ሳቁ። በዚያን ጊዜ በእስራኤል የነበረው አንድ ጣቢያ ብቻ እንደሆነ፣ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ ቀለሙ ከሥርጭቱ ይጠፋ እንደነበር፣ ሰዉም የጠፋውን ቀለም የሚመልስ መሣሪያ እየገዛ ይገጥም እንደነበር አጫወቱን። የቤት ስልክ ለማስገባትም ዓመታት ይጠበቅ ነበር አሉ። ልጆቻችን አላመኑም።

ከዚያ ታናሹ ልጃችን ወደ አያቱ ዞሮ፣ ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው እንደ ልማዱ፣ «ሳቭታ፣ አንቺስ በ1975 ምን ነበረሽ?» ብሎ ጠየቀ።

እናታችን እንደ ቀልድ ጀመሩ። ውኃው ከወንዝ በእንስራ ይመጣል፤ መብራቱ ኩራዝ ነው፤ እህሉ ዶሮ ሳይጮኽ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ወሬ የሚደርሰው በገበያ ቀን ነው፤ ንጉሡ በ1974 ከዙፋን መውረዳቸውንም የሰሙት ከገበያ ከተመለሰ ሰው ነበር። ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው አንቺ ታሸንፊያለሽ!» አላቸው።

እናታችን ግን አልሳቁም። «ተሸናፊው ከቤት ይወጣል ነው የምትሉት?» ብለው ጠየቁ። «በእኛ አገር የደከመ ሰው አይባረርም። ማሳው ያልታረመለት ሰው ቢኖር አገሩ በደቦ ይወጣለታል። ሰው ሰውን እያስወጣ ቢሆን ኖሮ ማናችንም እዚህ አንደርስም ነበር።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና መሶቡን እያዩ ቀጠሉ። ከልጆቹ አባት በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው ታመመ። ጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ የሚጠራ መኪና፣ የሚደወል ስልክ የለም። አባቱና ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ በጀርባቸው አዝለውት ሄዱ። ሳይደርሱ በመንገድ ላይ ዐረፈ። «ስልክ የሌለበት ቤት ለእናንተ ጨዋታ ነው፤ ደግ ነው፣ ተጫወቱ» አሉ። «እኔ ግን ወደዚያ ቤት መመለስ አልፈልግም። የምፈልገው ሰዎቹን ነው።»

ስሙንም ነገሩን። እኛ ወላጆቹ እንኳ እስከዚያች ሌሊት ድረስ አናውቀውም ነበር። በ1991 እናታችን ከእኛ ጋር ወደዚህ ሲገቡ ያን ሐዘን በሆዳቸው ይዘውት ገብተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛ ከሥራ ወደ ሥራ ስንሮጥ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወደ ኮምፒዩተር ሲሮጡ፣ እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ልጆቹ የአሜሪካን ሰባዎቹ ከነልብሱ ከነሙዚቃው ያውቁታል፤ የአያታቸውን ሰባዎቹ ግን ያወቁት በዚያች ሌሊት ነው።

በዚያ ምሽት አሸናፊ አልተመረጠም። መሶቡም እስከ ማግሥቱ ድረስ አልተከፈተም። ትልቋ ልጃችን በማግሥቱ ስልኳን ስታነሣ መጀመሪያ ያደረገችው የአያቷን ድምፅ መቅዳት ነበር።

ውድ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች፣ በእነዚህ ወራት ኡልፓኑም፣ ወረቀቱም፣ ቤት ፍለጋውም ያደክማችኋል። ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ይሞላል። ሽማግሌዎቻችሁን መጠየቅ ግን ለነገ አታቆዩት። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡ ሳይበልጥባቸው፣ አማርኛው ወይም ትግርኛው ገና በአፋቸው ሳለ አጠገባቸው አስቀምጧቸው። ስም ይጠይቁ፤ የመንደሩን፣ የወንዙን፣ በመንገድ የቀሩትን ሰዎች ስም። እኛ ዘግይተን ነው የጠየቅነው፤ እናንተ አትዘግዩ።