ቁጥር የሚያየውና የማያየው

ስታቲስቲክስን አጠናለሁ፤ ቅርጫት ኳስንም እወዳለሁ። ሁለቱ በአንድነት ካነሡብኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝ የኤንቢኤው ተጫዋች የሼን ባቲየር ጉዳይ ነው። ባቲየር እ.ኤ.አ. በ2008–09 የውድድር ዘመን ለሂዩስተን ሮኬትስ ሲጫወት፣ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው ከ8 ነጥብ በታች ነበር። የሊጉን አማካይ 15 አድርጎ የሚያሰላው የጆን ሆሊንገር የብቃት መለኪያም ከአማካዩ በታች አስቀምጦታል። መለኪያው የመከላከልን ችሎታ የሚያውቀው ባመዛኙ በተቀሙና በታገዱ ኳሶች ነው፤ ተጋጣሚውን ከሚመቸው ቦታ ገፍቶ አስቸጋሪ ውርወራ የሚያስወረውር ተከላካይ ግን በመዝገቡ ላይ ስሙ አይሰፍርም።

በዳሪል ሞሪ ይመራ የነበረው የሮኬትስ አስተዳደር የባቲየርን ዋጋ የተረዳው በሌላ ስሌት ነው፤ እርሱ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ካስቆጠረው ነጥብ የተቆጠረበትን በመቀነስ። ዐይን የዘለለውን ማሳየት የላቀው ስታቲስቲክስ ትልቅ ውለታ ነው።

ይሁን እንጂ ያን ልዩነት የሚፈጥሩት ሜዳው ላይ ያሉት 10ሩም ተጫዋቾች ናቸው። የየአንዳንዱን ድርሻ በሪግሬሽን ለመለየት ቢሞከርም፣ ዘወትር አብረው የሚገቡና አብረው የሚወጡ ሁለት ተጫዋቾችን ስሌቱ በቅጡ ሊነጣጥላቸው አይችልም፤ የግምቱ የስሕተት ወሰን እጅግ ይሰፋል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። እንዲህ ያለው አኃዝ የት አተኩረን መመልከት እንዳለብን ይጠቁመናል፤ ፍርዱ ግን የእኛው ኀላፊነት ነው። የሰው እንጀራ በአኃዝ በሚወሰንበት ቦታ፣ ግምትን ያለ ስሕተት ወሰኑ ማቅረብ በእኔ እምነት ፍትሕን ማጓደል ነው።