የቁልፍ ሠሪ ጆሮ

ቁልፍ ሠሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እጁን ነው። እኔ ሙያውን ቀረብ ብዬ ካየሁት ወዲህ ግን ከእጁ እኩል የሚሠራበት ጆሮው እንደሆነ አምናለሁ። የተቆለፈ በር ያለ ቁልፍ ሲከፍት፣ በቀጭን ብረት በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ፒኖች አንድ በአንድ እየገፋ፣ እያንዳንዷ ቦታዋን ስትይዝ በጣቱ ይዳስሳታል፤ «ቀጭ» ስትል ደግሞ በጆሮው ይይዛታል። የመቅረጫ ማሽኑ ምላጭ ሲደንዝ፣ ኩሽኔታው ማለቅ ሲጀምር፣ ቁልፉ ከመንጋጋው ሲላላ ቀድሞ የሚነግረው ጆሮው ነው። ይህን ጆሮ በየቀኑ የሚጎዳው ደግሞ እንጀራ የሚያበላው መሣሪያ ራሱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ብዙም አልሰማሁምና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት።

መርካቶም ሆነ ፒያሳ፣ ወይም በየሰፈሩ የታክሲ መያዣ አጠገብ፣ ቁልፍ የሚቀረጽባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው። ሦስት ግድግዳ ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጠረጴዛው ብረት። ማሽኑ በዚያ ብረት ላይ በቀጥታ ተቀምጦ ሲዞር ንዝረቱ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ቤቱ በሙሉ ከበሮ ይሆናል። ከማሽኑ የሚወጣው ድምፅ ለብቻው ያን ያህል ከባድ ላይሆን ይችላል። ቆርቆሮው ግን እየመለሰ በሠራተኛው ጆሮ ላይ ይደፋዋል። ሜዳ ላይ ቢሆን ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ባደረግን ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንስልን ነበር። በአንድ ክንድ ስፋት ሱቅ ውስጥ ግን ወዴት ይሸሻል?

ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም። 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ኒዮሽ ያስቀመጠው ወሰን በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው፤ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት፣ በ88 4 ሰዓት፣ በ91 2 ሰዓት እያለ እየተገመሰ ሄዶ፣ 100 ላይ ሲደርስ ለቀኑ በሙሉ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጓጉንቸር ቀለበት የሚቆረጥበት ግራይንደር 100 አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው። ጠዋት ሁለት ጓጉንቸር የቆረጠና አንድ የብረት በር ያስተካከለ ሰው ከቁርስ በፊት የቀኑን ድርሻ ጨርሷል ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ከሞቱ በሰው ላይ እንደገና አይበቅሉም። ማታ ጆሮ ሲጮህና ጠዋት ሲተወን «ዳነ» እንላለን፤ ሲደጋገም ግን ሳይተወን ይቀራል። መጀመሪያ የሚጎዳው በ4000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። ከንግግር ውስጥ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ፀ የሚሉት ቀጫጭን ድምፆች መደብዘዝ ይጀምራሉ። ሰውየው ሲናገሩት ይሰማል፣ የተባለውን ቃል ግን አይለይም፤ «ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ» ይላል። የፒኗ «ቀጭ» ማለትም ከእነዚሁ ቀጭን ድምፆች ወገን ነችና፣ ቁልፍ ሠሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ለሙያው በጣም የሚያስፈልገውን ነው። ይህ ጉዳት አዲስ ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ስለ ቬኒስ መዳብ ቀጥቃጮች መደንቆር ጽፏል። በ1886 በፈረንጆቹ ደግሞ ቶማስ ባር የተባለ ሐኪም በግላስጎው 100 የእንፋሎት ጋን ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጆሮው ደህና የሆነ አንድም አላገኘም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔን የሚያስገርመኝና ተስፋ የሚሰጠኝ፣ ከዚህ ጩኸት ውስጥ ብዙው ለሥራው የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ብረት በደንብ ሲቆረጥ ያን ያህል አይጮህም። የሚጮኸው ሲፋቅ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲላላ ነው። የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ሲያፏጭ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ምላጩ ደንዟል፣ ወይ ቁልፉ በመንጋጋው ውስጥ አልጠበቀም። የላላ ቁልፍ ደግሞ እየተርገበገበ ስለሚቆረጥ ጥርሱ ይዛባል፤ ደንበኛው ቤቱ ሄዶ ሲሞክረው አይዞርለትም፣ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መንጋጋውን በብሩሽ ጠርጎ ማጥበቅ፣ ምላጩን በጊዜው መቀየር፣ ቺንጋውን መወጠር ጆሮንም ቁልፍንም ያድናል። በማሽኑ እግር ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ወፈር ያለ ጎማ ደርቦ ማስገባት ወጪው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ንዝረቱ ወደ ጠረጴዛው እንዳይወርድ ይይዘዋል። ከጀርባ ባለው ቆርቆሮ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ቢሰቀል ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ይለዝባል። የእሳት ብልጭታ ከሚደርስበት አካባቢ ግን መራቅ አለበት፤ ግራይንደር ያለበት ሱቅ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ድሪልም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚይዘው የመዶሻ ምት ያለውን ነው። ያ ምት ለብሎኬት የተሠራ ነው፤ ብረት ሲበሳ ካልጠፋ ፑንታውን ያደነዝዛል እንጂ ሥራ አያፋጥንም፣ ጩኸቱን ግን ያበዛዋል። ማዞሪያውን ወደ መብሻው ብቻ መመለስ ምንም ወጪ የለውም። ከዚያ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ በተሳለ ፑንታ፣ ጠብታ ዘይት እያደረጉ፣ በትንሽ ፑንታ ጀምሮ ወደ ትልቁ መሄድ ነው። ፑንታው እየጮኸ ሰማያዊ ከሆነ እየቆረጠ አይደለም፣ እየተፋቀ ነው። የላሜራ በር ሲበሳ ደግሞ በሩ በሙሉ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ከተቻለ አንድ ሰው በሌላ በኩል የታጠፈ ብርድ ልብስ በትከሻው ተጭኖ ቢደግፈው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የሚወጣው ጩኸት ይቀንሳል። ጓጉንቸርም ቢሆን ሁልጊዜ ግራይንደር አይፈልግም። ቀለበቱ ቀጭን ከሆነ ረጅም እጀታ ያለው መቁረጫ በአንድ ግፊት ይገነጥለዋል። ግራይንደር የግድ ከሆነም፣ ሥራውን በሞርሳ ከሚቆረጥበት ቦታ አጠገብ ማሰርና ቀጭን ዲስክ መጠቀም የጩኸቱን ዕድሜ ያሳጥራል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መሣሪያውን ጨርሶ አለማንሳት ነው። በ1851 በፈረንጆቹ፣ በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ወቅት፣ አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ አይከፈቴ የተባለውን የብራማ ቁልፍ ከፈተው። ቁልፉ ለከፈተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት ተነግሮለት በብራማ ሱቅ መስኮት ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጦ የኖረ ነበር። ሆብስ በ16 ቀን ውስጥ ተከፋፍሎ 51 ሰዓት ፈጀበት፤ ሥራውም ሁሉ በእጅ ነበር። የዛሬ ቁልፍ ሠሪ 51 ሰዓት ይታገል አልልም። በራችን ላይ ያለው ተራ ሲሊንደር ግን ለሠለጠነ እጅ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች የሚከፈት ነው፤ ሲሊንደሩም ሳይበላሽ ይቀራል።

የጆሮ መከላከያን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ምንጩን ሳይነኩ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ጥጥ መወተፍ የረባ ጥቅም የለውም። ለስላሳው የስፖንጅ መድፈኛ በጣት ተጠቅልሎ፣ ጆሮን በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ካስገቡት ነው የሚሠራው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ቁልፍ ሠሪው ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ አሠሪም ሠራተኛም ነው፤ መጥቶ «መድፈኛህ የታለ?» የሚለው የለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ሙያ የሚለምደው ልጅ ነው። ጌታው ባይሰማም እርሱ ገና ሁሉን ይሰማል። ጋሼዎች፣ ልጁን ፑንታ መሳል ስታስተምሩት በዚያው መድፈኛውንም ስጡት።

ለደንበኞችም የምለው አለኝ። ቁልፍ ሠሪ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በሩን በሁለት ደቂቃ፣ ያለ ድሪል፣ ያለ ጩኸት ሲከፍትልን «ለዚህች ይህን ያህል ታስከፍለኛለህ?» ብለን እንከራከረዋለን። ድሪል አንስቶ፣ ሕንፃውን ቀስቅሶ፣ ሲሊንደሩን ሰባብሮ ሌላ ሲያስገዛን ግን ሳናቅማማ እንከፍላለን። እንዲህ እየከፈልነው ቀስ ብሎ የሚከፍትበትን እጅ ለምን ያዳብራል? በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፍ ሲጠፋባችሁ፣ ዋጋውን በር ላይ ሳትቆሙ በስልክ ተስማሙ፤ «መጀመሪያ በእጅህ ሞክረው፣ ድሪል ሳታነሳ ከከፈትከውም ያው ነው የምከፍልህ» በሉት። ሲሠራም አትቸኩሉበት፤ አጠገቡ ቆማችሁ ስልክ አታውሩ። የሚሰማው ነገር አለው።