ፖድካስት የሚታይ ነገር ሲሆን

አንድ ቃል ለሁለት ነገር መጠሪያ ሆኗል። ዲሲ ላይ ኡበር ለሚነዳ ሐበሻ ፖድካስት ማለት መንገድ ላይ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ዓይኑ ሥራ ላይ ነውና ሌላ ምርጫ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ግን ፖድካስት ሲባል ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ የተደቀነባቸው ትልልቅ ማይክራፎንና ከኋላቸው የደመቀ መብራት ነው ቶሎ ትዝ የሚለው፤ የሚታየውም ዩቲዩብ ላይ ነው። እርግጥ ፈረንጁም ሰሞኑን ወደ ካሜራው እየዞረ ነው። ፖድካስትና ዩቲዩብ የዕድሜ እኩዮች ናቸው፦ ፖድካስት የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ2004 ከአይፖድና ከብሮድካስት ተዳቅሎ ተፈጠረ፤ በ2005 ሚያዝያ ዩቲዩብ ላይ የ19 ሰከንድ የመጀመሪያው ቪዲዮ ተጫነ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ አፕል ፖድካስትን አይቲዩንስ ውስጥ አስገባ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ዩቲዩብ ሄደው የሚያዩበት ቦታ ሲሆን ፖድካስት ራሱ ስልክዎ ድረስ የሚመጣ ፋይል ነው። ስለዚህ አዲስ ጀማሪ፣ አድማጭም ሆነ አዘጋጅ፣ ከድምፁ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ሒሳቡን እንየው። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ወግ 29 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። ያንኑ ወግ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት በሚፈጅ፣ ጥራቱ እምብዛም በሆነ ቪዲዮ ለማየት 450 ሜጋባይት ይጠይቃል። ውጭ አገር በዋይፋይ ለሚኖር ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ የዳታ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ግን አንዱን ቪዲዮ ትቶ አሥራ አምስት ወግ መስማት ማለት ነው። አገር ቤት ቴሌግራም ማንም ሳይሰይመው የፖድካስት አፕ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፦ ስብከቱ፣ ትረካው፣ የድሮ የሬዲዮ ዝግጅቱ የሚዞረው በድምፅ ፋይል ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አልከፈት ሲሉ፣ ቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ ድምፅ ግን መሰማቱን አላቆመም፤ በብሉቱዝም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ደግሞስ አማርኛ በጆሮ የመስማት ልማዱ የቆየ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ካሜራ አልነበረም፤ ስንት ሰው የልብ ወለዱን ጉዱ ካሳን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው። የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ወጎችም እስከ ዛሬ በድጋሚ ይደመጣሉ፣ ዩቲዩብ ላይ እንኳ ስልኩን አስቀምጦ የሚሰማቸው ብዙ ነው። የሚስበን የት ላይ እንደሚፈጠን፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል የሚያውቅ አንደበት ነው። ጀማሪው ሶፋና መብራት ሲያሳድድ የሚዘለው ይህንኑ ነው። ለድምፅ ግን አንድ ስልክና ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን አጠገብ ያለ ጥግ ይበቃል፤ ጨርቁ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ጋቢ ተከናንቦ መቅዳትም ያስኬዳል፣ ማን ያያል?

«ሰዉ ያለው ዩቲዩብ ላይ ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ነው» የሚል ይኖራል። ሰዉ እዚያ መሆኑ እውነት ነው። ገንዘቡ ግን ለጀማሪ ሩቅ ነው፦ ከማስታወቂያው ገቢ ለመካፈል የተለመደው መንገድ 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት የታየ 4,000 ሰዓት ይጠይቃል። ደግሞም ለጆሮ የተሠራ ወግ አንድ ፎቶ ተለጥፎበት ዩቲዩብ ላይ መዋል ይችላል። ለዓይን የተሠራው ግን ወደ ጆሮ ሲመጣ ይደናበራል፤ እንግዳው «ይቺን አያችኋት?» ብሎ ሲጠቁም መኪና ውስጥ ያለው ሰው ምኑን ያያል?

ሌላው ጥያቄ «ቴሌግራም ካለ ምን ጎደለ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የውጭው ልማድ ይበልጣል። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ከቻናል ቻናል ፎርዋርድ ሲደረግ፣ ሲወርድና እንደገና ሲጫን ባለቤቱን ይጥላል፤ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀዳ፣ ስንተኛው ክፍል እንደሆነ የሚነግር የለም። ፖድካስት አርኤስኤስ በሚባል፣ አፖች አዲስ ክፍል መውጣቱን በሚከታተሉበት አድራሻ ሲለቀቅ ስሙ፣ ቀኑና ተራ ቁጥሩ አብረውት ይሄዳሉ፤ አንድ ቦታ የተጫነው ስፖቲፋይም አፕልም ላይ ይደርሳል፣ የተከተለው ሰው ስልክ ላይም አዲሱ ክፍል ራሱ ይመጣል። አገር ቤት ያለ ጀማሪ ይህን ውጭ አገር ካለነው ከእኛ ቢወስድ ያተርፋል። እኛም በበኩላችን ያንኑ ፋይል አሳንሰን ቴሌግራም ላይ ብናስቀምጥ መልካም ነው፤ ያለበለዚያ የምንናገረው እርስ በርሳችን ብቻ ነው።

የሚከብደኝ ተቃውሞ የእናቶችና የአባቶች ነው። ብዙዎቹ የሚያውቁት ያቺን ቀይ ምልክት ነው፤ አዲስ አፕ፣ አዲስ ፓስወርድ፣ የእንግሊዝኛ ማውጫ ያሰለቻቸዋል፣ ፊት ማየትም ይወዳሉ። እነሱን ከዩቲዩብ አላስወጣም። ችግሩ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ መቀጠሉ ነው፤ በመዝሙር የጀመረ ስልክ ከሰዓት በኋላ ምን ሲያወራ እንደሚገኝ አይታወቅም። ለበዓል አገር ቤት የሚገባ ልጅ እናቱ ስልክ ላይ አራት አፕ ጭኖ ከሚመለስ፣ ያንን አውቶፕሌይ ያጥፋላት፤ የምትወደውን አንድ የቴሌግራም ቻናልም ከላይ ፒን አድርጎላት ይሂድ።